የናፊሳን ስም የሚጠራው በር

ባባ ሳሊሕ ከቀትር እንቅልፋቸው አልተነሱም። ትራሱ ከራሳቸው ሥር ሳይሆን ከፊታቸው ላይ ነበር። ልጃቸው አብዱልመሊክ ገልጦ ሲያያቸው የጮኸው ጩኸት የሱወይዲን ሰፈር ርግቦች እስከ ጀራዲያ ሰፈር አባረራቸው።

የቤት ሠራተኛዋ ናፊሳ ልብስ ከምታሰጣበት ጣሪያ እርጥብ አንሶላ እንደታቀፈች ወርዳ ደረጃው ሥር ቆመች።

ያ ቤት ለማስነጠስ እንኳ የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ቤት ነበር። መብራቱ በቃል ይታዘዛል፤ ፍሪጁ ደግሞ፣ ያየ ሰው ይምላል፣ ወተት ሲያልቅ ያኮርፋል። ከሁሉ የከፋው የባባ መኝታ ቤት በር ነው። የተመዘገበ ጣት ሲነካው ይከፈትና በሴት ድምፅ ሰላም ብሎ የባለጣቱን ስም ይጠራል። ዛሬ አብዱልመሊክ ታች መጅሊስ፣ እንግዳ መቀበያው ክፍል፣ ተጋድሞ የሰማው «መርሐባ፣ ናፊሳ» ሲል ነው።

የተጠሩት ፖሊሶች ይህን ሲሰሙ ዞረው አዩዋት። ናፊሳ ሳታውቀው አንገቷን በእጇ ሸፈነች።

መርማሪዋ ሙባረካ ግን አልቸኮለችም። አባቷ ሳውዲ፣ እናቷ የወሎ ሴት ናቸው፤ አማርኛውን ከእናቷ ወስዳለች። መጀመሪያ አብዱልመሊክን ጠየቀችው። የእሱም ጣት እንደተመዘገበ አልደበቀም። ጠዋት አባቱ የእጅ ሰዓታቸው ጠፍቶባቸው ከሁለቱ ሐበሾች፣ ከናፊሳና ከሾፌሩ፣ አንዱን ነገ ወደ ተርሒል፣ ወደ ማባረሪያው፣ እልካለሁ ብለው ነበር። የትኛውን እንደሆነ አልነገሩትም።

ቀጥሎ ሾፌሩ ሙሀባው ቀረበ። የቤቱን ዕቃ ሁሉ የገጠመውም፣ ሲበላሽ የሚያስተካክለውም እሱ ነው። ወንድ ሠራተኛ በመሆኑ ግን ባባ ካልጠሩት ፎቅ አይወጣም፤ በዚያ በርም በስሙ የተመዘገበ ጣት የለም። መኪና ሳጥብ ነበር አለ።

«የናፊሳን ጣት ስትመዘግብ አላስቸገረህም?»

«ምን ያስቸግራል እህቴ፣ ገና ስታስነካው ያዘ።»

ናፊሳ አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ሙባረካ አየቻት። ሁሉም ስልካቸውን ከፍተው እንዲያስረክቡ አዘዘች። የናፊሳ ስልክ በጣት የሚከፈት ዓይነት ነው፤ እሷ ግን ቁጥር መታች። ሙባረካ እጇን ይዛ ወደ ብርሃን አዞረችው። የጣቶቿ ጫፍ እንደተላጠ ሽንኩርት ያበራል።

«በረኪና ነው?»

«ኮሮና ከገባ ወዲህ የበሩን እጀታ ሁሉ በሱ ነው የምወለውለው።»

«ያላ፣ ሁላችሁም ወደ ላይ።»

በሩ ፊት ተሰበሰቡ። ናፊሳ እንድትነካው ታዘዘች። አንዱን ጣት፣ ሌላውን ጣት፤ በሩ ቀይ መብራት ብልጭ አድርጎ ዝም አለ።

«ታዲያ እንዴት ነበር የምትገቢው?»

«አንኳኳለሁ፤ ባባ ከውስጥ ይከፍቱልኛል።» ቀሪውንም ተናገረች። ጣቷ አልያዝ ባለ ጊዜ ሙሀባው ለማንም እንዳትነግር፣ ዕቃ አበላሸች ተብላ እንደምትባረር፣ እሱ እንደሚያስተካክለው ነግሯት ነበር።

ሙባረካ ወደ ተሰበሰቡት ዞረች። «በሩ ሰው አያውቅም፤ የሚጠራው የተጻፈለትን ስም ነው። ጣት ሳይዝ ደግሞ ምዝገባው አያልቅም። የናፊሳ ጣት አልያዘም፤ ምዝገባዋ ግን አልቋል። ስለዚህ በስሟ የገባው የሌላ ሰው ጣት ነው። አብዱልመሊክ ቢነካው የራሱን ስም ይጠራል። ገና ስታስነካው ያዘ ብሎ የዋሸኝ ማን ነው?»

ሙሀባው እጆቹን ኪሱ ከተተ። ፖሊሶቹ ጎትተው አወጧቸው፤ አውራ ጣቱን በሩ ላይ አሳረፉት።

«መርሐባ፣ ናፊሳ» አለ በሩ በዚያ ለስላሳ ድምፁ፤ ተከፈተም።

«መጀመሪያ የራሴን ጣት ያስነካሁት ሥራው እንዲያልቅ ብዬ ነው» አለ ሙሀባው ወደ መሬት እያየ። ከዚያ በዚያው ጣት ገብቶ ሰዓቱን ሰረቀ። ባባ መኪናው ውስጥ አግኝተውበት ነበር፤ ነገ የሚባረረው እሱ ነበር።

ናፊሳ ዳነች። ግን እስከ ዛሬ ስሟን የጠራት ሰው ካለ፣ አቤት ከማለቷ በፊት እጆቹን ታያለች።