ሟች ብቻ የሚያያቸው ቪዲዮዎች

ሞት ቤት አይመርጥም ይባላል። በካናዳ፣ የተንደር ቤይዋን የወይዘሮ ሂልካን ቤት ግን መርጦ ለምዶታል። መጀመሪያ ባላቸው በገዛ እጃቸው የሠሯት ጀልባ ከማሰሪያዋ ተፈታ ሐይቁ ውስጥ ሰጠመች፤ በዓመቱ ባልየው በልብ ሕመም ተከተሏት፤ የቤቱ እንጀራ የነበረው የወረቀት ፋብሪካ ተዘጋ፤ ባለፈው የካቲት ደግሞ የሠላሳ አራት ዓመቱን ልጃቸውን ያሪን ካንሰር በላው። የቀሩት ሁለት ሴቶች ብቻ፣ እናትና ልጅ... እነሱም ቢሆኑ ከልብ አይነጋገሩም። ከአሥራ ሰባት ዓመት በፊት ጀልባዋን ሳታስር ትታ የመጣችው ልጅቷ ሶንያ ናት ተብሎ ተፈርዶባት ነበርና። “አስሬያታለሁ” ብላ ብትምል ማን ሰማት? አባቷ ሳይታረቋት ሞቱ። ከዚያ ወዲህ ሶንያ የማትጽፈው ነገር፣ ተመልሳ የማታረጋግጠው በር የለም፤ ኑሮዋ ሁሉ ዝርዝር ሆነ።

ወንድሟ በተቀበረ ማግስትም የእናቷ ማቀዝቀዣ ላይ ዝርዝር ለጠፈች፤ መንጃ ፈቃድ፣ የጤና ካርድ፣ የዓሣ ማጥመጃ ፈቃድ... አንድ በአንድ እያዘጋች ትሰርዛለች። “ስልኩስ?” ስትል፣ ወይዘሮ ሂልካ ድንች ከመላጥ ቀና ሳይሉ “ሆስፒታል ጠፋ” አሏት።

አልጠፋም። ዳቦ ሣጥኑ ውስጥ ነበር፤ ቻርጀሩም ከኋላ ተሰክቶ። ያሪ ከመሞቱ በፊት አሥራ አራት አጫጭር ቪዲዮዎች ቀርጾ ማኅበራዊ ገጹ ላይ አስቀምጧል፤ ማን ያየዋል የሚለው ቅንብር ግን በሁሉም ላይ “እኔ ብቻ” ይላል። “ሳላለቅስ ማየት የቻልኩ ቀን ለሁላችሁም እከፍተዋለሁ” ይላል በመጨረሻው ላይ። አንዲት የቁልፍ ምልክት መንካት ነበር የቀረው... ሐሙስ ቀረጸ፣ ቅዳሜ ሞተ። ስልኩ ገጹን እንደከፈተ ቀርቶ ነበርና፣ እናት በየማለዳው ቁርስ ሳይቀምሱ ልጃቸውን ያያሉ። ዘጠነኛው ላይ ሲደርሱ ብቻ፣ ባዶ ቤት ውስጥ፣ ድምፁን ይቀንሳሉ።

ኅዳር ላይ የያሪ ልደት ደረሰ። ገጹ መሞቱን ማን ነግሮት፣ ለወዳጅ ዘመድ ሁሉ “ዛሬ የያሪ ልደት ነው፤ እንኳን አደረሰህ በሉት” የሚል መልእክት በተነ። አንድ የድሮ የሥራ ባልደረባው “አንተ ሽማግሌ፣ ምነው ጠፋህ? ሞትክ እንዴ?” ብሎ ቀለደበት። ሶንያ ይህን ስታነብ ደሟ ፈላ። መመሪያውን ከላይ እስከ ታች በረበረች፣ ቅጹን ሞላች፣ የሞት ምስክር ወረቀቱን አያይዛ ላከች። በአራተኛው ቀን ገጹ መታሰቢያ ሆነ፤ እሷም የዝርዝሩን የመጨረሻ መስመር ሰረዘች።

በማግስቱ ወይዘሮ ሂልካ ዳቦ ሣጥኑን ከፈቱ። ስልኩ ላይ ያሪ የለም። “ይህ ገጽ ወደ መታሰቢያነት ተለውጧል፤ ከእንግዲህ ማንም ሊገባበት አይችልም” ይላል።

“ያሪን ምን አደረግሽው?” አሉ ደውለው።

“የቱን ያሪን፣ እማ?”

“ስንት ወንድም አለሽ አንቺ?”

ሶንያ የሥራ ልብሷን ሳትቀይር መጣች። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አየችው።

“ጠፋ ያልሽኝ ይሄ ነው? ዘጠኝ ወር ሙሉ ከዳቦ ጋር ደብቀሽው?”

“ደግሞ ጠያቂ ሆንሽ? ልጄን ቅጽ ሞልተሽ ሁለተኛ ቀበርሽው። አንቺ እኮ መንግሥተ ሰማያትንም ብታገኚ ታሽጊዋለሽ።”

“ብትነግሪኝ እነካው ነበር?”

“ዘጠነኛው ያንቺ ነበር!” አሉ፣ ሊያቆስሏት ብለው። ቃሉ ካፋቸው ሲወጣ ራሳቸው ደነገጡ።

ሶንያ ዐመድ መሰለች። “የኔ? ታዲያ... ለምን አላሳየሽኝም?”

መልሱን ያውቁታል። ግን ስልኩን አንስተው ወደ ዳቦ ሣጥኑ መለሱት።

ወይዘሮ ሂልካ ለማኅበራዊ ገጹ ባለቤት ኩባንያ ሰባት ጊዜ ጻፉ። በሰባተኛው መልስ መጣ፦ “ውድ ሂልካ፣ የሐዘንዎ ተካፋይ ነን። የያሪ ምርጫ ለእኛ ክቡር ነው። እነዚህን ቪዲዮዎች ማየት የሚችለው ያሪ ብቻ ነው። ለአገልግሎታችን ከአምስት ኮከብ ስንት ይሰጡናል?” እንግዲህ ፍረዱ። በሕይወቱ ሳለ የትኛውን ጫማ እንደተመኘ፣ በምን ሕመም እንደተጨነቀ ለነጋዴ ሁሉ ሲቸረችሩ የኖሩ ሰዎች፣ ከሞተ በኋላ ገመናውን ከወለደችው እናቱ ጠበቁለት! ፈቃድ ያለው አንድ ሰው ብቻ፣ እሱም ከአፈር በታች።

እናትና ልጅ ተኳርፈው ከረሙ። ቅዳሜ ግን ቅዳሜ ነው፤ ጓሮ ያለው የእንጨት ሳውና፣ የእንፋሎት መታጠቢያ ቤታቸው፣ ይሞቃል። ከፊንላንድ የመጡት አያቶቻቸው ሕግ ነው፤ እዚያ ውስጥ እንደ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ አይጣሉም፣ አይዋሹም። ሦስት ቅዳሜ ጎን ለጎን ተቀምጠው ያለ ቃል አላባቸው። በአራተኛው ሶንያ በጋለው ድንጋይ ላይ ውኃ ረጨችና በእንፋሎቱ ውስጥ፣

“ዘጠነኛው ላይ ምን አለ?” አለች።

ወይዘሮ ሂልካ ዐይናቸውን ጨፈኑ። ሁለት መቶ ጊዜ ያዩትን ማን ይነጥቃቸዋል?

“ያንን ብርቱካናማ ቆቡን አድርጓል። መጀመሪያ ያስላል። ‘አንቺ ዝርዝሯ፣ እኔንም ሰርዘሽኝ ይሆናል’ ይልሻል። ይስቃል። ከዚያ... ‘የአባባን ጀልባ የፈታኋት እኔ ነኝ። በሌሊት ልቀዝፍ ወስጃት፣ ስመለስ አላሰርኳትም። አንቺ ላይ ሲፈረድ ዝም አልኩ። እማ ይህን ካየች በኋላ ይቅርታሽን ትጠይቅሻለች፤ አውቃታለሁ’ ይላል።”



“በሁለት ቋጠሮ ነበር ያሰርኳት” አለች ሶንያ።

“አውቃለሁ።”

“ከመቼ ጀምሮ?”

“ከመጋቢት።” ወይዘሮ ሂልካ ላባቸውን ከእንባቸው ሳይለዩ ጠረጉ። “አፍሬ ነው ልጄ። አውቃታለሁ አለ... አላወቀኝም።”

 የሶንያ ንዴት አልበረደም፤ እንዲህ በቀላሉ የሚበርድም አይደለም። ቢሆንም እጇን ዘርግታ እንደ ሳውናው ልማድ የእናቷን ጀርባ በበርች ዛፍ ቅጠል መታ መታ ታደርግ ጀመር፣ በልጅነቷ ታደርግ እንደነበረው።

“አሥረኛውን ንገሪኝ።”

ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው አንድ አንድ ቪዲዮ ይነገራል፤ ሶንያም ከሳውናው ስትወጣ ሁሉንም በደብተር ትጽፋለች። ኩባንያው ይረገም፤ የተረገመ ነው። ግን ያሪ ነገ እከፍተዋለሁ ብሎ ቆለፈ፣ እናቱ ነገ እናዘዛለሁ ብለው ቆለፉ። ዕጣ ፈንታ የምንለው ያ ነገ ከሆነስ?

በፋሲካ ሰሞን፣ ዘጠነኛውን በድጋሚ ሲናገሩ፣ ወይዘሮ ሂልካ መሐል ላይ ቆሙ።

“ቆቡ... ቀይ ነበር ወይስ ብርቱካናማ?”

“ብርቱካናማ ነው፣ እማ” አለች ሶንያ፣ ቪዲዮውን አንድም ቀን ያላየችው። “ከዚያ ያስላል።”