ስልሳ ሦስተኛዋ መራጭ

የማስቲካው ፓኬት ኪሱ ውስጥ ነበር።

ማስቲካ ግን የለበትም። ውስጡ ያለችው የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ሜሞሪ ካርድ ናት።

እንድርያስ የዲኬተር ባቡር ጣቢያ ውስጥ፣ ከጫፍ ሁለተኛው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ስልኩን የሚያይ መሰለ። የሚያየው በጨለመው የስልኩ መስታወት ከጀርባው ያለውን ደረጃ ነበር። ሁለት ተማሪዎች። የሕፃን ጋሪ የምትገፋ ሴት። ሻንጣ የሚጎትት ሰውዬ። የተከተለው አልነበረም።

ከዚያ ካሳሁን በደረጃው ወረደ።

ግራጫ ሸሚዝ፣ የተወለወለ ጫማ፣ የሰበካ ጉባኤ ሊቀ መንበር የሚመስል ረጋ ያለ ፊት። ካሳሁን ሮዝዌል ካለው ቤቱ ምድር ቤት ሆኖ «የምርጫ ጥናት» የሚለውን ሥራ ይሠራል። ጥናቱ በአጭሩ የተፎካካሪን ገመና መፈለግ ነው። እንድርያስን የቀጠረው እሱ ነው። «ወንፊት» የሚለውን የምስጢር ስም ያወጣለትም እሱ ነው።

አጠገቡ ተቀመጠ። አልተያዩም።

«ማስቲካ ይኖርሃል?»

«አንድ ፓኬት ቀርቶኛል። ይውሰዱት።»

ፓኬቱ ከእጅ ወደ እጅ አለፈ።

«ዝርዝሩ ሙሉ ነው?»

«ሙሉ ነው።»

«ስንት ሰው?»

«ስልሳ ሁለት።»

ካሳሁን ፓኬቱን ኪሱ ከተተና የሸሚዙን ቁልፍ አስተካከለ።

«በቫኑ ሄደው የመረጡት ስልሳ ሦስት ናቸው።»

እንድርያስ አልተነቃነቀም። ቫኑን የነዳው እሱ ነው። ሰዎቹን የቆጠረውም እሱ ብቻ ነው። ቁጥሩን ሌላ ሰው ሊያውቀው አይገባም ነበር።

ቅስቀሳው ቢሮ ውስጥ ካሳሁን ያስገባው ሌላ ሰው አለ።

«ሴትዮዋን አስቀርተሃታል» አለ ካሳሁን በዝግታ። «የቀዳኸውን ድምጿንም አስቀርተሃል። ትምረጥ ያልኩህ እኔ ነኝ፤ ለዚህች ቀን ነው ያስቀመጥኳት። ዓርብ ጠዋት ቤቴ ይዘህልኝ ና።»

«ሴትዮዋን ምን ሊያደርጓቸው ነው?»

«እሷን ማንም አይነካትም። ቅጂውን የምትሰማው ልዕልት ብቻ ናት። ፈርታ ከውድድሩ ራሷን ታገላለች። ፓርቲው ወንበሩን ለባለቤቱ ይመልሳል። አለቀ።»

ባቡሩ ከዋሻው ብቅ አለ። ካሳሁን ተነሥቶ ገባ፤ በሩ ተዘጋ።

እንድርያስ ባቡሩ ከሄደም በኋላ እዚያው ቆየ። ሸሚዙ ሥር ያለችው መቅረጫ እንደበራች ነበረች። ስድስት ዓመት ለኢንሹራንስ ኩባንያዎች ሰው ሲሰልል ኖሯል፤ ሳይቀዳ የሚያወራው ሰው የለውም። ልማድ ነው።

ልዕልት ይገዙ ነርስ ናት። በፓርቲው የውስጥ ምርጫ ለስቴቱ ምክር ቤት የተወዳደረችው፣ ወንበሩን ሃያ ሁለት ዓመት የያዙትን አዛውንት እንደራሴ ለመገዳደር ነበር። ታሸንፋለች ያለ ሰው የለም። የእንደራሴው ሰዎች ካሳሁንን የቀጠሩት ለጥንቃቄ ብቻ ነው። እንድርያስም «ኤልቃና» በሚል ስም በጎ ፈቃደኛ ሆኖ ገባ፤ መራመድ የሚከብዳቸውን አዛውንቶች በቫን አመላለሰ፤ ያየውን ሁሉ ለካሳሁን ጻፈ።

ከዚያ ልዕልት በአርባ አንድ ድምፅ አሸነፈች። በዚያ ወረዳ ሌላ ፓርቲ ስለማይወዳደር ወንበሩ የእሷ ሆነ ማለት ነው።

ሐበሻው ለሁለት ተከፈለ። አንድ ፀጉር ቤት የእንደራሴውን ፎቶ ከግድግዳ አወረደ፤ ከመንገዱ ማዶ ያለው ደግሞ በትልቁ አሳትሞ ሰቀለ። አዛውንቶቹ ቤት ስልክ ይደወል ጀመር። «ለማን ነው የመረጡት?» ይላል ደዋዩ። «ያ ሁሉ ዓመት የመኖሪያ ወረቀታችንን ያስጨረሱልን ሰው ተረሱ?» አንዳንዶቹ በድንጋጤ «ለእሳቸው ነው» እያሉ ዋሹ።

ከስልሳ ሦስቱ አንዷ እማማ የሺእመቤት ናቸው። በስደተኝነት መጥተው ዱሉዝ የሚገኝ መጋዘን ውስጥ አሥራ ሁለት ዓመት ካርቶን አሽገዋል። ሁለቱም ጉልበታቸው አልቋል። ልጃቸው ኑሃሚን ባሏንና ሁለት ልጆቿን ይዛ ካምፓላ ቀርታለች። ያገባች ልጅን ማምጣት የሚችለው ዜጋ ብቻ ነው። እማማ የዜግነቱን ፈተና በመጋቢት አልፈዋል፤ የጠየቃቸው ሰውዬ ጨብጧቸው «ኮንግራጁሌሽን» ብሏቸዋል። እሳቸው በዚያው ዜጋ የሆኑ፣ መሐላው ለወጉ ብቻ የቀረ መስሏቸው ነበር።

የመራጭነት ፎርማቸውን የሞላላቸው እንድርያስ ነው።

«ዜጋ ነዎት?» ብሎ ጠየቃቸው፤ ፎርሙ ስለሚጠይቅ። ሸሚዙ ሥር ያለችው መቅረጫ እንደ ልማዷ በርታለች።

«ፈተናውንማ አልፌያለሁ ልጄ። መሐላው ነው የቀረኝ።»

እስክሪብቶው ቆመ። ሰው ሳይምል ዜጋ እንደማይሆን እንድርያስ ያውቃል። ዜጋ ያልሆነ ሰው ከመረጠ ከአገር ሊባረር እንደሚችልም ያውቃል። ከቫኑ ኋላ ሄዶ ለካሳሁን ደወለ።

«ተዋት» አለ ካሳሁን። «ምልክቱን አድርግላት። ትምረጥ።»

ተመልሶ ምልክቱን አደረገ። እማማ መነጽራቸውን ፈልገው ፈረሙ። በምርጫው ቀን ደግሞ ደግፎ አስገባቸው፤ ሲወጡ «መርጫለሁ» የምትለውን ተለጣፊ ደረታቸው ላይ ለጥፈው ነበር። «እንዴት አማረብኝ?» አሉት።

«አምሮብዎታል» አላቸው።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ እማማ የሺእመቤት በትር ተደግፈው የልዕልት ቢሮ መጡ። ደብዳቤ ይዘዋል። የመሐላው ቀን ደርሷል፤ የሚመጣው ሳምንት ሐሙስ።

«የምትወስደኝ አንተ ነህ» አሉት። «ሌላ ሰው እንዳትልክብኝ።»

ወረቀቱን ገለበጠው። በጀርባው በዕለቱ ተሞልተው የሚቀርቡ ጥያቄዎች አሉ። ከመጨረሻው ቃለ መጠይቅ ወዲህ ሕግ የሚጥስ ነገር ሠርተዋል ወይ ይላል አንዱ።

«ይችንም ሙላልኝ እስቲ። ያንተ ጽሑፍ ያምራል።»

እንድርያስ ወረቀቱን አጥፎ መለሰላቸው።

«እሱ... በኋላ እንሞላዋለን እማማ።»

እሳቸውን ሸኝቶ ቫኑ ውስጥ ገባ። ቁልፉን ሳያዞር የጎኑ በር ተከፈተና መነን ገብታ ተቀመጠች። የልዕልት የቅስቀሳ አስተባባሪ ናት። ድሉ ሲሰማ ከሁሉም በላይ ያለቀሰችው እሷ ነበረች።

በሩን ዘጋችው።

«ወንፊት» አለችው።

ቁልፉን ትቶ ወደ እሷ ዞረ።

«አንቺ ነሽ?»

«ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ። አንተ ቫኑን፣ እኔ ኦፊሱን።» ድምጿ ደክሟል። «አንዳችን ስለ ሌላችን እንድናውቅ አልፈለገም።»

«ልዕልት እህቴ ነው የምትልሽ።»

«አውቃለሁ። ግን ወደ አገር ሊመልሱኝ ቲኬት በተቆረጠልኝ ጊዜ ዳኛ ፊት ቆመው የመሰከሩልኝ እንደራሴው ናቸው። አሥራ ስምንት ዓመት በየምርጫው በር አንኳኩቼላቸዋለሁ። ልዕልት ትሸነፋለች ብዬ ነው የገባሁት። አሁን ሰውየው ቤታቸውን ዘግተው ተቀምጠዋል፤ ስልክ አያነሡም። የገደልኳቸው እኔ ነኝ የሚመስለኝ።» ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አደረገችና፣ «የተቀዳውን ድምፅ ለካሳሁን ስጠውና ይለቅ። ሴትዮዋን አይነካትም። ምሎልኛል» አለችው።

«ለእኔም ብሎኛል።»

ተያዩ።

መነን ከቦርሳዋ ሦስት ገጽ ወረቀት አወጣች። ምርጫውን ለማሰረዝ ለሚቀርብ ክስ ዓርብ የምትፈርመው የምስክርነት ቃል ነው። እንድርያስ አነበበው። ልዕልት ባዘዘችው መሠረት ኤልቃና የተባለ በጎ ፈቃደኛ ዜጋ ላልሆኑ ሰዎች ፎርም ሞልቷል ይላል። ውሸት ነው። ልዕልት ምንም አታውቅም። ወንጀሉን የሚሸከሙት እሷና እሱ ናቸው። ካሳሁን የሚባል ሰው ወረቀቱ ላይ የለም።

ሸጦታል።

ሦስተኛው ገጽ ግርጌ ላይ ግልባጭ የሚደርሳቸው ተዘርዝረዋል። ፍርድ ቤት። ሁለት ጋዜጦች። የኢሚግሬሽን ቢሮ።

«ይኼን አንብበሽዋል?»

መነን ወሰደችው። ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ አነበበች። ሁለተኛ አነበበች።

«ለልዕልት ብቻ ነው ያለኝ» አለች።

ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ መለሰች። ወርዳ ሄደች። ትፈርም አትፈርም አልነገረችውም።

ዓርብ ጠዋት እንድርያስ መኪናውን ከካሳሁን ቤት ሁለት መንገድ ርቆ ፓርክ አደረገና በእግሩ ሄደ። ጎረቤቶች ሣር ያሳጭዳሉ። ውሻ የሚያንሸራሽር ሰው ሰላምታ ሰጠው።

ካሳሁን ምድር ቤት አስገባው።

በሩን ከኋላው ቆለፈው።

«አምጣ።»

እንድርያስ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ተጫነው። የወጣው የእማማ ድምፅ አልነበረም። ባቡር ጣቢያ ውስጥ የተቀዳ የወንድ ድምፅ ነው። «ትምረጥ ያልኩህ እኔ ነኝ፤ ለዚህች ቀን ነው ያስቀመጥኳት።»

ካሳሁን ፊቱ አልተለወጠም። እጁን ዘርግቶ ስልኩን ወሰደ።

«ቅጂው እዚህ የለም» አለ እንድርያስ። «ከቀትር በፊት ካልደወልኩ ጠበቃ እጅ ይገባል።»

ጠበቃ አልነበረም። ውሸቱን ነው።

«ራስህም አብረህ ትቃጠላለህ።»

«ልክ ነው።»

«ለአንዲት አሮጊት?»

እንድርያስ የእጅ ሰዓቱን አየ።

ካሳሁን በራሱ ስልክ ደወለ። ጠበቀ። መነን አላነሣችም። እንደገና ደወለ። የዘጋው ቀስ ብሎ ነው። የእማማ ድምፅ የለም፤ የመነን ፊርማም የለም። የቀረው የራሱ ድምፅ ብቻ ነበር።

«ክሱ አይገባም» አለ በመጨረሻ። «አንተ ግን በዚህ ሥራ አበቃልህ። ወንፊት የሚባል ሰው አላውቅም።»

በሩን ከፈተለት።

ተልእኮው እዚህ ላይ ማለቅ ይችል ነበር። ልዕልት ወንበሯን አገኘች፤ እማማ የሚያሳድዳቸው የለም። እንድርያስ ግን ሀይዌዩ ላይ ሆኖ የሚያስበው ስለዚያች ወረቀት ጀርባ ነበር። ዝም ካለ እማማ ሐሙስ ቀን «ምንም አልሠራሁም» ብለው ይፈርማሉ። አንድ ቀን ይገኝባቸዋል። ያኔ የሳቱ ሳይሆን የዋሹ ይሆናሉ፤ ኑሃሚን ከመጣች በኋላም ሊሆን ይችላል።

ቅዳሜ ዱሉዝ ሄደ። እማማ ለመሐላው የገዙትን ጫማ ከነካርቶኑ ወንበር ላይ አስቀምጠውታል። ቁጭ ሳይል ነገራቸው። ማን እንደላከው፣ ለምን እንደመጣ፣ ያችን ምልክት ምን እያወቀ እንዳደረጋት።

እማማ መነጽራቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

«ጠየቅኸኝ» አሉ። «ነገርኩህ። አውቀህ ጻፍከው።»

«አዎ እማማ።»

«ስምህስ ኤልቃና አይደለም?»

«አይደለም። እንድርያስ ነው።»

«ኤልቃና ስልህ ግን አቤት ትለኝ ነበር።»

ጠረጴዛው ላይ ያለው ስልክ ጮኸ። ኑሃሚን ናት፤ በየቀኑ በዚህ ሰዓት ትደውላለች። እማማ ስልኩን እያዩት ጮኾ ጮኾ ቆመ።

«ልዕልት ሰምታለች?»

«ገና ነው።»

«ሂድና ንገራት። ለእኔ እንደነገርከኝ። ሳትቀንስ።» ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። «ደግሞ ያን ጫማ ከፊቴ አንሣልኝ።»

ካርቶኑን አንሥቶ ቁም ሣጥኑ ውስጥ አስገባው። ሲወጣ አልሸኙትም።

ልዕልትን ሆስፒታሉ ፓርኪንግ ውስጥ አገኛት፤ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች። እስኪጨርስ አላቋረጠችውም። የመነንን ስም ሲጠራ ዓይኗን ጨፈነች።

«ከአርባ አንድ አንድ ሲቀነስ አርባ ነው» አለች። «አርባም ያሸንፋል። ወንበሩ አይደለም ያንቀጠቀጠኝ። እማማን ፎርም እንዲሞሉ ወደ አንተ የላክኳቸው እኔ ነኝ። ‹ኤልቃና ይሞላልዎታል› ብዬ።»

ናዲያ የምትባል የኢሚግሬሽን ሎየር ታውቅ ነበር። እንድርያስ ሰኞ ዕለት ናዲያ ቢሮ ቀርቦ በእውነተኛ ስሙ አራት ገጽ ቃል ሰጠ፤ እማማ እውነቱን እንደነገሩት፣ ምልክቱን ያደረገው እያወቀ እንደሆነ፣ ማን እንዳዘዘው። ናዲያ አንብባ፣ «ይኼ ለእሳቸው ሊረዳ ይችላል። አንተን ግን ሊያስከስስህ ይችላል» አለችው። ፈረመ። ሐሙስ እማማ ለመሐላ አልሄዱም። ጉዳያቸው እስኪታይ ተራዘመ፤ ናዲያ ዓመትም ሁለት ዓመትም ሊሆን እንደሚችል ተናገረች። ጨርሶ ሊከለከሉም ይችላሉ።

መነን በአንድ መስመር ቴክስት ከልዕልት ሥራ ለቀቀች። በሚቀጥለው እሑድ ከአዛውንቱ እንደራሴ ጎን ተቀምጣ ታየች። ወረቀቱን እንዳልፈረመች ለማንም አልተናገረችም።

እንድርያስ የቫኑን ቁልፍ ቢሮው በር ሥር ወርውሮ ሄደ። ለሁለት ሳምንት ያህል «ያ ልጅ የት ገባ?» የሚሉ ነበሩ። ኋላ ሌላ ሾፌር ተገኘ።

አሁን ከኤርፖርቱ በስተደቡብ የእቃ መኪና ይነዳል። አብረውት የሚሠሩት ዝምተኛ ነው ይሉታል። ስለ ምርጫ ሲያወሩ ተነሥቶ ጎማ ያያል። በየወሩ የመጀመሪያ ሰኞ ግን መኪናውን ጥግ ያስይዝና ናዲያ ቢሮ ይደውላል።

«የወይዘሮ የሺእመቤት ምስክር ነኝ። ቀን ተቆረጠላቸው?»

«ገና ነው» ትለዋለች ጸሐፊዋ። «ማን ደወለ ልበል?»

ስሙን ከነአባቱ ይነግራታል። ቀስ ብሎ፣ እንድትጽፈው።