የጎረቤት ልጅ እግር

«ሰማይ ቢደፋ እንዳትነሺ» አለች እናቷ፣ የጠረጴዛውን ልብስ ወደ ወለሉ እየሳበች።

ሚጢጢ ወደ ታች አየች። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ በጠረጴዛው ልብስ ዙሪያ ክንድ የሚያህል ጨርቅ ቀጥላበት ጠረጴዛው ረጅም ቀሚስ የለበሰ መስሏል። ከቀሚሱ ሥር የሚጢጢ ሁለት እግሮች አሉ፤ ቀኙ አብሯት የተወለደ፣ ግራው ከጉልበት በታች የተሠራላት። ችግሩ፣ የተሠራው እግር አያድግም፣ ሚጢጢ ግን ዘንድሮ እንደ ሸንኮራ ተመዘዘች። ቅጽል ስሟ ራሱ ሙድ የሚይዝባት ይመስላል። ስትራመድ ወገቧ ይንጋደዳል፤ መጋጠሚያው ደግሞ ቆዳዋን ይልጠዋል።

የቀሚሱ ሐሳብ የአጎቷ ነው። አጎቷ ሥራው የአውቶቡስ ትኬት መቁረጥ ሲሆን፣ በማያውቀው ነገር ሁሉ ደግሞ አማካሪ ነው።

«የጤና መድን እንደ አማች ነው» አለ። «የመጀመሪያ ቀን እንከንሽን ካላየ፣ ቀስ በቀስ ይለምድሻል። እግሯን ካየ ግን ውዱን መድን ነው የሚጭንብን። ርካሹን እንያዝና የእግሩን ነገር በኋላ እናነሳዋለን።»

«በኋላ ምን ልል ነው?» አለች ሚጢጢ። «‹ማታ ስተኛ ነበረ፣ ጠዋት ስነሳ የለም› ልበላቸው?»

«አንቺ ዝም ብለሽ አጥኚ።»

በሩ ተንኳኳ።

የመድን ወኪሉ ከረባቱ ለሁለት የሚበቃ ቀጭን ወጣት ነበር። ሶፋው ላይ ተደላድሎ ወሬውን ለቀቀው። ሚጢጢ የሒሳብ መጽሐፏን ዘርግታ አንዱን መስመር ትደጋግማለች። የተላጠው ቦታ ያቃጥላታል። ጉልበቷን ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች፤ እስክሪብቶዋን ታሽከረክራለች፤ መስኮቱን ታያለች፤ ደግሞ ወደዚያው መስመር ትመለሳለች።

«ልጅቷ ጎበዝ ናት፤ ከመጣሁ ጀምሮ ከወንበሯ ንቅንቅ አላለችም» አለ ወኪሉ።

«በትምህርት ቀልድ አታውቅም» አለ አጎቷ። «ተነሺ ብንላትም እሺ አትል።»

ወኪሉ ሁለቱን ዓይነት መድን አስረዳ። ርካሹ ለጉንፋኑም፣ ለሆድ ቁርጠቱም፣ ለስብራቱም ይሆናል፤ ከውሉ በፊት የነበረን ችግር ግን አይነካም። ውዱ ያንንም ይይዛል፣ ከመጀመሪያው ከተነገረው።

እናቷ ጣቷ ላይ የሌለ ክር ትጠቀልል ጀመር። «እንዲያው ለነገሩ… አንድ ሰው ሰው ሠራሽ እግር ቢኖረውና ቢያጥረውስ?»

ወኪሉ ቀና አለ። «የማን እግር ነው፣ እትዬ?»

«የጎረቤት ልጅ ናት።»

«ምስኪን» አለ አጎቷ ቀልጠፍ ብሎ። «ያውም የሩቅ ጎረቤት።»

የሚጢጢ እስክሪብቶ ቆመ። ከወንበሯ እንኳ ሳትነሳ ቤት ለቅቃ የሩቅ ጎረቤት ሆነች።

«እንግዲያው ለእናትየዋ ይንገሯት» አለ ወኪሉ። «ብዙ ሰው ደብቆ ርካሹን ይገዛል። እግሩን ለማስቀየር ሲመጣ ‹ይሄማ ድሮም የነበረ ነው› ተብሎ ይመለሳል። መደበቁ ከታወቀ ደግሞ ውሉ የቤተሰቡን ሁሉ መድን ይዞ ገደል ይገባል።»

እናቷ አጎቷን አየች። አጎቷ ጣሪያውን አየ።

«እኛ ቤት ተመስገን ነው፣ ሁላችንም ጤነኛ ነን» አለ አጎቷ። «ርካሹ ይበቃናል።»

«እ… ይበቃናል» አለች እናቷም፣ ድምጿ በመርፌ ቀዳዳ የሾለከ ያህል ቀጥኖ።

ሚጢጢ መጽሐፉን ዘጋችው። ከተነሳች እናቷ በሰው ፊት ውሸታም ልትባል ነው፤ ሼም ነው። ውዱ ከተያዘ ደግሞ የእናቷ የስፌት መኪና እሑድም አያርፍም። ካልተነሳች ግን እሷ ማደጓን አታቆም፣ እግሩም ከማጠር አይመለስ። ብድግ ብላ መሮጥ አማራት። በዚህ እግር መሮጥ ደግሞ እሱም ሌላ ቀልድ ነው።

ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋችው። ስትቆም የእግሯ መጋጠሚያ ቀጭ አለ። እየተንጋደደች እስከ ሶፋው ሄደች። ለመጀመሪያ ጊዜ አካሄዷን ለማሳመር አልሞከረችም።

«ጎረቤቷ እኔ ነኝ» አለችው ወኪሉን። «ውዱን እንደገና ያስረዱን። በየወሩ በትንሽ በትንሹ የሚከፈል ከሆነም ይንገሩን።»

ወኪሉ እግሯን አየ፤ ቀጥሎ ቀሚስ የለበሰውን ጠረጴዛ አየና ሳሉን ይሁን ሳቁን አንዱን ዋጠ።

«እኔ ድሮም መደበቅ አልወድም» አለ አጎቷ።

እናቷ ወለሉን እንዳየች ሶፋው ላይ ጠጋ አለችና ለሚጢጢ ቦታ ለቀቀችላት።

«ልጄ ገና ታድጋለች» አለችው ወኪሉን፣ ቀና ሳትል። «በየስንት ጊዜው ነው እግሩን የሚቀይሩላት?»