መቶ የማይሞላው ሞተር

«አሁንም ዘጠና ዘጠኝ ነው» አለች ልጅቷ ከመለኪያው ስክሪን ሳትነቀል፣ ለሦስተኛ ጊዜ።

ጓደኛዋ ቦርሳዋን አንግታ የቤተ ሙከራው በር ላይ ቆማለች። «ባክሽ አታካብጂ። አንድ ፐርሰንት ምን ያደርግልሻል? ሞተሩ ይዞር የለ?»

ሞተሩስ ይዞራል። ችግሩ ሠንጠረዡ ነው። ማይክሮኮንትሮለሩ፣ ኮዱን ተቀብሎ የሚሠራው ቺፕ፣ ለትንሿ ማራገቢያ የሚሄደውን ኃይል ቶሎ ቶሎ እያበራና እያጠፋ ፍጥነቷን ይወስናል። ከእያንዳንዱ የማብራትና የማጥፋት ዙር ግማሹን ካበራ ሃምሳ ፐርሰንት ነው፣ ሙሉውን ካበራ መቶ። አስተማሪው ከአሥር እስከ መቶ በአሥር በአሥር እያዘዛችሁ በኦሲሎስኮፕ፣ የኤሌክትሪክ ሞገድን በስክሪን በሚያሳየው መለኪያ፣ የለካችሁትን ጻፉ ብለው ነበር። ኮዱን እሷ ጻፈች፤ ልኬቱ የጓደኛዋ ድርሻ ነበር። ዛሬ ጠዋት ያስረከቡት ሠንጠረዥ አሥር ሲታዘዝ አሥር፣ ሃምሳ ሲታዘዝ ሃምሳ፣ መቶ ሲታዘዝ መቶ ይላል። አስተማሪው ክፍሉ ፊት ከፍ አድርገው አሳዩት። ነገ ወደ ትምህርት ቤቶች ውድድር የሚሄደው የእነሱ ሥራ ነው።

ስክሪኑ ግን ሌላ ይላል። አሥር ስትለው 9.9፣ ሃምሳ ስትለው 49.5፣ መቶ ስትለው 99።

«አልለካሽውም፣ አይደል?»

ጓደኛዋ የቦርሳዋን ማንገቻ ጠመዘዘች። «ወረፋ ነበር። እማዬ ደግሞ ወንድምሽን ከትምህርት ቤት አምጪ ብላኝ... ኮዱ ያንቺ ነው። ይሳሳታል ብዬ መች አሰብኩ?»

እንዲህ ሲሏት መቆጣትም ያቅታታል። ከምሳ በፊት ጀምሮ ተቀምጣ ወገቧ ደርቋል፤ ዓይኗ ይቆጠቁጣል።

የቤተ ሙከራው ጠባቂ ቁልፋቸውን እያንቀጫቀጩ ገቡ። ሃያ ዓመት እነዚህን መሣሪያዎች ሲወለውሉና ሲጠግኑ ኖረዋል። ሽልማት ሲመጣ የሚጨበጨበው ግን ክራቫት ላሰረው ነው።

«ገና ናችሁ? እግሬ አልቋል እኮ።»

«ጋሼ፣ ይሄ መሣሪያ አሳንሶ ያነባል እንዴ?»

«ጥፋት ሲገኝ መጀመሪያ በእሱ ነው የምታሳብቡት፣ ከዚያ በእኔ።» ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ኮዱ ላይ የዙሩን ቆጠራ መጨረሻ ስንት አልሽው?»

«መቶ።»

«መቁጠር የሚጀምረውስ ከስንት?»

«ከዜ...» አፏ ላይ ቀረ። ከዜሮ እስከ መቶ አንድ መቶ አንድ ቆጠራ ነው። መቶውን ሁሉ ቢያበራም አንዷ ጠፍታ ትቀራለች። መጨረሻው ዘጠና ዘጠኝ መሆን ነበረበት። «እንዴት አወቁ?»

«ከስድስት ዓመት በፊትም እንዲሁ ሆኖ ነበር። ለዚያን ጊዜው አስተማሪ ነገርኩት። ‹አንተ ቁልፍህን ጠብቅ› አለኝ። በሳምንቱ ራሱ እንዳገኘው አድርጎ ለክፍሉ አስረዳ። እኔ እዚያ ጥግ መስኮት እወለውል ነበር።»

የጓደኛዋ ፊት በራ። «በቃ፣ ዘጠና ዘጠኝ አድርጊውና ላሽ እንበል። ሠንጠረዡም ያኔ ልክ ይሆናል። ማን ያውቃል?»

«እኔ አልሰማሁም» አሉ ሰውዬው ቁርጭምጭሚታቸውን እያሹ። «ደግሞስ ማን ሊጠይቀኝ?»

መቶውን አጥፍታ ዘጠና ዘጠኝ ጻፈች። አዲሱን ኮድ ለመጫን አንድ ቁልፍ መንካት ብቻ ቀራት። ከተጫነ በኋላ ስህተቱ የነበረ አይመስልም።

እጇን አነሳች። ደብተሯን ገልጣ «በመጀመሪያው ኮድ የተለካ» ብላ ጻፈችና ከሥሩ መስመር አሰመረች።

«ነይ፣ ቁጥሮቹን አንብቢልኝ።»

«ከውድድሩ ያስወጡናል እኮ።»

«ሊሆን ይችላል።»

ጓደኛዋ በሩን አየች፣ ኮሪደሩን አየች። ከዚያ ቦርሳዋን ወለሉ ላይ ጣል አደረገችው። «ፋራ ነሽ» አለች፤ ወደ ስክሪኑም ጎንበስ አለች። «አሥር። ዘጠኝ ነጥብ ዘጠኝ።»

አሥሩንም ልኬት ጽፋ ስትጨርስ ቀና አለች። «ጋሼ፣ ሙሉ ስምዎን ይንገሩኝ።»

«የእኔን? ለምኑ?»

«ስህተቱን ማን እንዳገኘው መጻፍ አለብኝ።»

ሰውዬው ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«እስከ አያት ነው?»