ያልመጣ መርዶ

የሰውን ሁሉ መግቢያና መውጫ የሚያውቅ እግዚአብሔር፣ በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ዓመተ ምሕረት በጋምቤላ ከተማ፣ በእድሩ ቤት በር ላይ የቆመችውን የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ኛሩአችንም ያውቃት ነበር። እርሷ ግን በዚያች ሰዓት ራሷን የምታውቅ አትመስልም ነበር። ከማለዳ ጀምሮ አላለቀሰችም።

አያቷ ጆክ ማለዳ በሆስፒታል ዐርፈዋል። ከኢታንግ ከመጡ ገና ሁለት ሳምንታቸው ስለ ነበር፣ ስማቸው በእድሩ አልተመዘገበም፤ እድሩም ላልተመዘገበ ሰው አይከፍልም። ሙቀቱ ቀብሩን ለነገ አያሳድርም፤ አናጢው ደግሞ ገንዘብ ሳልቀበል የሬሳ ሣጥን አልሰጥም ብሏል። እናቷ ኛዱዎት፣ አማርኛዋ ስለማይበቃ፣ ከአስከሬኑ አጠገብ ቀርታ ልጇን ላከች።

«ፋራ አትሁኚ!» አለቻት አብራት የመጣችው የክፍል ጓደኛዋ አልማዜ። «ጦር ሜዳ የሄደው አባትሽ ተመዝግቧል አይደል? የአባቴ መርዶ መጣ በያቸው። ጦር ሜዳ ለሞተ ሰው ሬሳ አምጪ አይሉሽም።»

«ከተመለሰስ?»

«ቢመለስማ ትስቁበታላችሁ! ደግሞ ሦስት ዓመት ሙሉ ደብዳቤ ያልጻፈ ሰው...» አልማዜ የተናገረችው ራሷን አስደነገጣት።

ኛሩአች አልተቆጣችም። የተላጠውን የበሩን ቀለም ታይ ነበር።

የእድሩ ጸሐፊ መምህር አሸብር ብቅ አሉ። «ግቢ ልጄ። ማን ነው ያረፈው?»

አልማዜ በክርኗ ጎሰመቻት።

«ኩዎል» ብትል በቂ ነበር። የአባቷን ስም ጮክ ብላ የጠራችው መቼ እንደ ነበር ለማስታወስ ሞከረች፤ አልቻለችም።

«አያቴ ናቸው፤ ጆክ» አለች። «አልተመዘገቡም።»

«አባትሽስ? ወሬ አለ?»

«የለም፣ ጋሼ።»

«በሕይወት አለ?»

«አላውቅም።»

መምህር አሸብር መዝገቡን አጠፉት። «የእድሩን ብር ልሰጥሽ ደንቡ አይፈቅድልኝም። ለመቆፈር ግን ማንንም አላስፈቅድም። አካፋና ሰው ይዤ እመጣለሁ።»

ሁለቱ ልጆች ከእድሩ ቤት ሲወጡ አልማዜ ጮኸችባት። «ሣጥኑስ? አቦ፣ አያትሽ በምን ሊቀበሩ ነው?»

ኛሩአች ለእናቷ ምን ብላ እንደምትነግራት አታውቅም። በነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችው ሳንቲም ሣጥን አይገዛም። መንገዱን ተሻግራ፣ ሰሌን ከምትሸጠው ሴት ፊት ቆመች።

«ረጅሙን ያሳዩኝ፣ እማማ። አያቴ ቁመታቸው ረጅም ነው» አለች። ጥቂት ቆይታም፣ «ነበር» ብላ አረመች።

አንባቢ ሆይ፣ እግዚአብሔር ቤተ ሰዎችህን አንድ በአንድ በስማቸው ይጠብቅልህ፤ በሩቅ ያለውንም በሰላም ወደ ደጅህ ያግባልህ። አሜን።