ሁለተኛው ክንፍ

ጫምሳን እንደምወደው ያወቅሁት በፍርሃት ነው። ፍቅር እንዲህ አይጀመርም የሚል ካለ ይምጣና ይከራከረኝ።

ስሜ ልዩ ነው፤ አዳማ ውስጥ ሥነ ዜጋ አስተምራለሁ። እሱ ቴሌቪዥን ይጠግናል። የተዋወቅነው ከከተማው በላይ ካለው ጋራ፣ ተማሪዎቼን ይዤ በወጣሁበት ቀን ነው። ነጭ የፎም ክንፍ ከሰማይ ወርዶ ትከሻዬን መታኝ። ጅራትም ሞተርም የለውም፤ ፍሪጅ ታሽጎ ከሚመጣበት ፎም የተቆረጠ፣ ከደብተር የማይከብድ ነገር ነው። ጫምሳ ክንፉን የሚመራበትን ሪሞት እንደያዘ እየሮጠ መጣ።

«አመመሽ?»

«ቢያመኝስ?»

«እክስሻለሁ። ማብረር ላስተምርሽ።»

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንገናኛለን። ገደሉን ሽቅብ በሚነፍሰው ነፋስ ሁለት ክንፍ እንለቅና እናዋጋለን፤ ተገጭቶ መሬት የነካው ተሸነፈ። አንድ ሕግ ብቻ አለን፤ የጣለው ሰው ወርዶ ያነሳል፣ የተሸነፈው ቆሞ ይጠብቃል። እሱ የእኔን ሊያነሳ ሲወርድ ጀርባውን አይ ነበር። ሲመለስ ግን ዓይኔን ጋራው ላይ ወደቆሙት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች አዞራለሁ። ስለ ፍቅር አንድም ቃል አልተናገርንም።

በፈራሁበት ቅዳሜ እኔ ጣልኩት። ክንፉ እየተሽከረከረ ወርዶ ከታች ካለው መንደር ማሳ ገባ። ላነሳው ስነሳ ጫምሳ ክንዴን ያዘኝ። ነክቶኝ አያውቅም ነበር። ማሳው ዳር ጠብመንጃ የያዙ ሦስት ሰዎች ሰማይ ሰማይ ያያሉ።

«ዛሬ እኔ ልውረድ።»

«ተራው የእኔ ነው።»

«ልዩ፣ እባክሽ።»

ወረደ። ከበቡት። ክንፉን ገለባበጡና እሱን ግራር ሥር አስቀመጡት። አንዱ ስልኩን ቀማው።

በዚህ ዘመን ከሰማይ በሚመጣ ነገር ለሚደነግጥ ሰው አልፈርድበትም። የፈራ ሁሉ ሰው ይያዝ የሚል ሕግ ግን አላስተማርኩም። እንዲህ እያልኩ ከራሴ ጋር ስሟገት ዓይኔ ከግራሩ ሥር አልተነሳም። ወደ ከተማ መሸሽ እችል ነበር፤ ማንም አላየኝም። ክንፌን አቅፌ ወረድኩ።

የሚሊሻዎቹ አለቃ ሽበታም ናቸው፤ ሌሎቹ ኦቦ ገርባ ይሏቸዋል።

«ብቻዬን ነኝ ይላል» አሉኝ። «እኛ ሰማይ ላይ ሁለት አይተናል። የሚዋሽ ሰው የሚደብቀው አለው። ለፖሊስ እናስረክበዋለን።»

ያስያዘው እኔን ሊያድን የዋሸው ውሸት ነው። ጫምሳ ከተቀመጠበት በዓይኑ «ሂጂ» አለኝ።

«ሁለተኛው ይኸው» አልኩ። «የእኔ ነው። ሞተርም ካሜራም የለውም። ልወርውረውና ይዩት።»

አንደኛው ጠብመንጃውን አቀባበለ።

«ተወው» አሉ ኦቦ ገርባ።

ወረወርኩት። ያለ ድምፅ ተንሳፈፈ። ታጠፈና የኦቦ ገርባን ደረት መትቶ እግራቸው ሥር ወደቀ። ሰውዬው ደረታቸውን ዳበስ አድርገው ክንፉን አነሱት፤ በአንድ ጣት መዘኑት።

«ለዚህ ነው የዋሸኸው?» አሉት ጫምሳን።

«እሷን እንዳትይዟት ብዬ ነው።»

«ምንህ ናት?»

ስለ ፎም ሁለት ሰዓት የሚያወራ ሰው ዝም አለ። ተናደድኩ።

«ሊያገባኝ ነው» አልኩ።

ኦቦ ገርባ ሁለታችንን አፈራርቀው አዩና ስልኩን መለሱለት። «ሌላ ጊዜ ከማብረራችሁ በፊት መጥታችሁ ንገሩን። ዴማ» ብለው በኦሮምኛ እንድንሄድ አሰናበቱን።

ዳገቱ እኩሌታ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን።

«ሊያገባኝ ነው ያልሽው እኔን ለማስለቀቅ ነው?» አለኝ።

ከጠብመንጃው ይልቅ ይህ ጥያቄ አስፈራኝ።

«አይደለም» አልኩ። «አንተስ ለምን ዝም አልክ?»

«እምቢ ብትይኝስ ብዬ ፈርቼ።»

«እንግዲያው እናቴ ዘንድ ሽማግሌ ላክ።»

«ዘመዶቼ ያሉት ሁሩታ ነው። እዚህ ማንን ልላክ?»

ቁልቁል አየሁ። ኦቦ ገርባ ማሳው ዳር ቆመው በደህና መራቃችንን ይጠብቃሉ።

«ጠብመንጃቸውን ትተው ከመጡ፣ እሳቸውን» አልኩት።