ራንኩ ሁለት ነው

«ኡስታዝ፣ ራንኩ ሁለት ነው!»

ሳብሪን የፈተና ወረቀቷን የሒሳብ መምህሯ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው። የማትሪክሱን ራንክ አውጡ የሚለው ሰባተኛው ጥያቄ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ዜሮ ተጽፎበታል።

«ኮምፒውተሩ ሦስት ብሏል» አሉ ኡስታዝ ሉጥፊ ቀና ሳይሉ። «ከክፍሉ ሁለት ብላችሁ የመለሳችሁት አንቺና ሸዊት ብቻ ናችሁ። ተኮራርጃችኋል።»

ሳብሪንን ያንገበገባት ይሄ ነበር። ሸዊት ተሰዳ በሐምዳይት ድንበር አድርጋ ገዳሪፍ ከተማ ከገባች ገና ዓመቷ ነው፤ የምትቀመጠውም ከሳብሪን አራት ወንበር ርቃ ነው። ኡስታዝ ግን ትናንት ተማሪው ሁሉ እየሰማ «ሌባ» ብለዋት፣ በከሰላ ከተማ ለሚካሄደው የሒሳብ ውድድር ከተመረጡት መሃል ስሟን ሰርዘዋል። የሳብሪንን አልነኩም። የሳብሪን አባት ገበያ ውስጥ ሱቅ አለው፣ ሰው ያውቀዋል።

«ማትሪክሱን ይዩት» አለች። «ሁለተኛውን ረድፍ በሁለት አባዝተው የመጀመሪያውን ሲቀንሱ ሦስተኛው ይመጣል። ከሌሎቹ የሚገኝ ረድፍ ደግሞ ለራንክ አይቆጠርም ብለው ያስተማሩን እርስዎ ነዎት።»

«ፕሮግራሙ ይሳሳታል ነው የምትይኝ?»

«ቁጥሮቹን በሙሉ በዐሥር ያባዙና ይሞክሩት። ራንኩ መለወጥ የለበትም።»

ኡስታዝ እየተነጫነጩ በ0.1 ፈንታ 1፣ በ0.2 ፈንታ 2 እያሉ ዘጠኙንም ቁጥር ላፕቶፓቸው ውስጥ አስገቡ። ላፕቶፑ 2 አለ።

«ኮምፒውተር 0.1ን በትክክል መያዝ አይችልም፤ ያጠጋጋል» አለች ሳብሪን። «ሲቀናነስ ዜሮ መሆን የነበረበት ቦታ ላይ ከምንም የማትቆጠር ፍርፋሪ ትተርፋለች። ፕሮግራሙ እሷን እንደ ረድፍ ቆጠራት። ሸዊት በእጇ ነው የሠራችው፣ ወላሂ!»

ኡስታዝ ዜሮውን ሰርዘው ዐሥር ጻፉላት። «ኻላስ፣ አለቀ፤ ያንቺ ተስተካክሏል። የሸዊትን ተይው፤ ዝርዝሩ ለዳይሬክተሩ ተሰጥቷል።»

«ስህተቱን አሁን በዓይንዎ አዩት እኮ!»

«አንቺ ትሄጃለሽ አይደል? ሌላ ምን ፈለግሽ?»

ሳብሪን ወረቀቷን አንስታ ወጣች።

ሸዊት ግቢው ውስጥ ኒም ዛፍ ሥር ብቻዋን ተቀምጣለች። ሌሎቹ ልጆች ከትናንት ጀምሮ አያናግሯትም።

«አስተካከሉልሽ?» አለች።

«ለኔ ብቻ።»

«እንኳን ደስ አለሽ» አለች ሸዊት፤ ፊቷን ግን አዞረች።

«ተነሽ፣ ዳይሬክተሩ ጋ እንሂድ። ማትሪክሱን ሰሌዳቸው ላይ አንቺ ትሠሪዋለሽ።»

«ኡስታዝ ከተናደዱ ያንቺንም ስም ይሰርዙታል።»

ሳብሪን ከሰላን አይታ አታውቅም። ከተመረጠች ጀምሮ ቤት ውስጥ ሌላ ወሬ አልነበራትም።

«ይሰርዙት» አለችና እጇን ዘረጋችላት።